በእርሳስ ሣጥን የተቀመጠች ጥርስ

«ከእጇ ወድቃባት እኮ ነው!»

አማቷ ይህን ያሉት ሚጢጢ በተቀበረችበት ዕለት፣ ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶት ሳለ ነበር። ሐሳባቸው አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት በሹክሹክታ መንገር ነበር፤ ግን ጆሯቸው ከከበደ ወዲህ ሹክሹክታ የሚባል ነገር ጠፍቶባቸዋል። ሰፈርተኛው በሌሉበት «ጡሩንባ» የሚላቸውም ለዚሁ ነው። ቃላቸው ከግቢው ዳር እስከ ዳር ተሰማ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እናትየዋን አያት። እናትየዋ ደግሞ ዞራ ባሏን አየችው።

ባሏ የጫማውን አፍንጫ ነበር የሚያየው።

እሳቸውን እንኳ ይቅር ብላለች ማለት ይቻላል። አሮጊት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሞታባቸዋለች፣ የሚይዙት ሲያጡ የቀረበላቸውን ያዙ። ልጅቷ መንቀጥቀጥ በጀመራት ጊዜ ሐኪሙ «ወድቃ ታውቃለች?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጠየቀ እንጂ አልፈረደም። እሳቸው ግን ጥያቄውን ከክሊኒክ ይዘው ወጡና ቤት ሲደርሱ ፍርድ አደረጉት። ይሁን። የባሏ ዝምታ ነው ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ የቀረው። አብሯት ነበር። ልጅቷ ከማንም እጅ እንዳልወደቀች ከሷ እኩል ያውቃል። «አልወደቀችም፣ እማዬ» ቢል ምላሱ አይቆረጥ! አላለም። በማግስቱም አላለም። የለቀስተኛው ወንበር ተሰብስቦ፣ ከንፈር የሚመጥላት ሰው ጠፍቶ፣ ልጅቷ የተኛችባት ትንሽዬ ፍራሽ ተፈትታ ጥጧ ለሌላ ከዋለ በኋላም አላለም። እሷም አንድ ቀን ይለዋል እያለች ጠበቀችው። ችኮ ናት፤ ስትጠብቅም በችኮነቷ ነው የምትጠብቀው።

ሥራዋ ፍራሽ ስፌት ነው። በቤቷ በረንዳ ላይ ጥጡን ትፈታለች፣ ትባዝታለች፣ ንብብር በንብብር ታነጥፋለች፣ ከዚያ በረጅሙ መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋች ታጠብቀዋለች። ትምህርት ቤት የገባችው ስሟን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ስሟን ጽፋ ወጣች። ባሏ ከአጥሩ ማዶ፣ በወንድሙ የባትሪ ማቅለጫ ውስጥ ይሠራል። ያረጀ የመኪና ባትሪ በመዶሻ ይፈለጣል፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ድስት በሚያህል ብረት ውስጥ ይቀልጣል፣ ቀልጦም በሸክላ ጡብ ቅርጽ ይፈሳል። ሲመሽ አመድ የመሰለ ልብሱን ለብሶ ይመጣና ልጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ ይለጥፋት ነበር። ልብሱን የምታጥበው ከሚጢጢ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ነበር። ንጹሕ ሴት ናት ይሏታል። በአንድ ውሃ ሁለቱንም ታነጻ ነበር።

የእህቷ ልጅ የመጣችው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ፍራሽ በምታጠብቅበት አንድ ከሰዓት ነው። ይቺን ልጅ ቤተ ዘመዱ «መነጽር» ነው የሚላት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፍንጫዋ ላይ ሌላ ነገር ታይቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ እዚያው ቀርታ፣ አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ጥርስና አጥንት ትመረምራለች።

«አክስቴ፣ የሚጢጢን የወተት ጥርሶች አስቀምጠሻል ብላኛለች እማዬ። እውነት ነው?»

መርፌው ቆመ። «እናትሽ የማታወራው ነገር የለም።»

«አለሽ ወይ?»

«ሁለት አለኝ፤ በሞተችበት ዓመት የወለቁ። ምን ልታደርጊያቸው?»

መነጽር ጥጡ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ከጥጧ ላይ ማንንም አታስቀምጥም፤ ዛሬ ግን አላስነሣቻትም።

«ጥርስ እንዲህ እንደ ፍራሽሽ ነው» አለች ልጅቷ፣ ጫፉ ያልተሰፋውን በእጇ እየገለጠች። «ንብብር በንብብር ነው የሚሠራው። ገና ማሕፀን ውስጥ እያለች የተነጠፈው አለ፣ ስትወለድ የተነጠፈው አለ፣ ጡት ስትጠባ የተነጠፈው አለ። ደሟ ውስጥ እርሳስ ከገባ፣ በገባበት ጊዜ በነበረው ንብብር ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አይወጣም።»

«መውደቅስ?»

«ምን?»

«ብትወድቅስ ይታያል ወይ ነው የምልሽ!»

መነጽር አክስቷን አየቻት። ያን የለቅሶ ዕለት እሷም ልጅ ሆና ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ቆማ ነበር።

«መውደቅ እርሳስ አያመጣም፣ አክስቴ። ከንብብሩ እርሳስ ከተገኘ፣ ነገሩ ሌላ ነው።»

ሴትየዋ መርፌዋን ጥጡ ውስጥ ሰካች። ዓመታት ሙሉ ከባሏ አፍ የጠበቀችው ቃል ከልጇ አፍ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል ገባት።

«እና ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂያለሽ? እይው!»

«እዚህ ባለን መሣሪያ አይታይም። እርሳስ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል እንጂ የትኛው ንብብር ላይ እንዳለ አይለይልንም። ለዚያ ሲንክሮትሮን ያስፈልጋል።»

«ሲን ምን?»

«ሲንክሮትሮን።»

«ስሙ ራሱ ጥርስ ይሰብራል!»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ አስረዳቻት። ሌላ አገር ያለ ክብ ሕንፃ ነው፣ ስታዲየም የሚያህል። ውስጡ ዓይን የማያየው አንዳች ነገር ቀለበቱን እየዞረ ይከንፋል፤ ሲታጠፍ ብርሃን ይረጫል። ብርሃኑ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጥርስን ንብብር በንብብር ያነባል። ግን እንደ ወፍጮ ቤት ነው፣ ወረፋ አለው። ከየአገሩ ሰው ሙከራዬን ልሥራበት ብሎ ያመለክታል፤ ገምጋሚዎች ተቀምጠው ይመርጣሉ፤ የሚጣለው ከሚያልፈው ይበልጣል። የነመነጽርም ማመልከቻ ባለፈው ጊዜ ተጥሏል። ናሙናችሁ የማን እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ መቼ እንደተወለደ በቅጡ አይታወቅም ተብለው ነው የተመለሱት።

«የሚጢጢ ግን ይታወቃል» አለች መነጽር። «ግቢው ይታወቃል፣ ማቅለጫው ይታወቃል፣ የተወለደችበት ቀን ይታወቃል።»

ሴትየዋ ገባች፤ ተመልሳ ስትመጣ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረች ነገር በእጇ ነበረች። አንዷን ጥርስ ብቻ ነው ያመጣችው። ጨርቁን ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ከሰጠቻት በኋላ ግን እጇ ጨርቁን ቶሎ አልለቀቀውም።

*

ማመልከቻው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው መነጽር ደወለች። «አክስቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» ስትል ድምፅዋ ደስ አላላትም። ሴትየዋ ደግሞ የስልክ ወሬ አትወድም። «መጣሁ» ብላ ዘጋችውና ሄደች።

ላቦራቶሪው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥፍር የማታህል መጋዝ ተገጥማለች፤ ከጎኗ እንደ ሙጫ በመሰለ ጠንካራ ነገር ውስጥ የታሰሩ ጥርሶች በተርታ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል። ከሁሉም በላይ አፍ አለመኖሩ ነው ያስደነገጣት። የመነጽር አለቃ፣ ረጅም ትሑት ሰውዬ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ «ይቀመጡ፣ እናቴ» አላት። አልተቀመጠችም። ግራ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ቆመች፤ መንጋጋ ጥርሷን ካመማት ከርሟል፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ፣ በቅርንፉድና በስድብ ስታባብለው ነው የቆየችው።

«ጥርሷን በምን ነበር ያስቀመጥሽው?» አለች መነጽር።

«በሣጥን።»

«የምን ሣጥን?»

«አባቷ የሠራላት።»

«ከምን የሠራት?»

«ከምን ይሠራታል? ሰውዬው ከእርሳስ ሌላ ምን ያውቃል!»

ብላ ስትጨርስ ነው ያለችውን የሰማችው።

የተቀበረች ዕለት ማታ፣ ሁሉ ሲሄድ፣ ባሏ ማቅለጫው ገብቶ ስስ የእርሳስ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ፣ ክዳን ገጥሞ ያመጣት ሣጥን ናት። እፍኝ አትሞላም፤ ክብደቷ ግን እንደ ድንጋይ ነው። ምንም አላለም፤ አጠገቧ አስቀምጧት ወጣ። እሷም ጥርሶቹን እዚያ ከተተቻቸው። ልጅቷ በሞተችበት ቀን፣ በየዓመቱ፣ ታወጣቸዋለች፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥባቸዋለች፤ በጣቷ አሸት አድርጋ እርጥቡን ትመልሳቸዋለች። ንጹሕ ሴት አይደለች?

ይህንንም ነገረቻቸው። አለቃው ዓይኑን ወደ መስኮት አዞረ። መነጽር መነጽሯን አወለቀች፤ ያኔ ነው ፊቷ የሕፃንነቷን የመሰለው።

«ለዚያ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ላዩ ላይ ያየነው እርሳስ ከልክ ያለፈ ነው። ስንጥቆቹ ውስጥ ገብቷል። እርጥብ ጥርስ ይመጥጣል፣ አክስቴ። አሁን የትኛው ከሕይወቷ፣ የትኛው ከሣጥኑ እንደሆነ መለየት አንችልም።»

«በደንብ እጠቡት!»

«መታጠቡ ነው ያባሰው።»

 ሴትየዋ አገጯን ወደ ኮምፒውተሩ አነሣች። «እዚያ ላይ ብርጭቆ ውስጥ ነበር ብለሽ ጻፊ። ማን አየሽ?»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። መነጽር ቀደመችው።

«ማንም አላየኝም። እሺ፣ ብርጭቆ ብዬ ጻፍኩ። አለፈልን። ተሳፍረን ሄድን፣ ጥርሷን ብርሃኑ ላይ አስቀመጥናት፣ እርሳሱ ታየ። ከዚያ አንዱ ይነሣና ‘ይሄ ላዩ ላይ ያለው ከምን መጣ?’ ይላል። አንድ ቀን ሣጥኑ ይታወቃል። ያኔ፣ ልጅቷ ደህና ነበረች፣ እርሳሱ የሣጥኑ ነው ይባላል። ያንቺ እጅ እንደተባለው ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ሣጥኑ ይባላል። ሚጢጢ ላይ ሁለቴ እንዲዋሽባት ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከመጋዝሽ ይብሳል።»

«ካንቺ ነው የወረስኩት።»

«እና ወጣች በይኛ! ልጄ ከማመልከቻው ወጣች።»

«ወጣች» አለች መነጽር። እንባዋ መጣ።

አለቃው ገባበት። ያለዚያች ናሙና ማመልከቻው እንደገና እንደሚወድቅ፣ በዚያ ጊዜ እዚያ ግቢ የኖረ የሌላ ሰው ጥርስ ካልተገኘ በቀር ባይልኩት እንደሚሻል ተናገረ። የትልቅ ሰው ጥርስም ቢሆን ሥሩ ላይ ዕድሜ ልኩን ንብብር ይጨምራል አለ፤ አስቸጋሪ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን ብርሃኑ ያነበዋል።

«የባለቤትዎስ?» አላት።

«የሱማ አልቋል። ድድ ብቻ ነው የቀረው፤ ማቅለጫው በላው።»

ይህን ስትል እጇ ጉንጯ ላይ ነበር። ሦስቱም እጇን አዩት፤ እሷም ጭምር።

«እኔ ምንም አላልኩም!» አለች መነጽር ፈጥና።

«ሰምቼሻለሁ አላልኩሽም እኮ።»

«አይ፣ አክስቴ፣ ቆይ። ይህን ሳታውቂ አይሆንም።» ልጅቷ ወንበሯን አስጠጋች። «ያንቺ ጥርስ የሚናገረው ስላንቺ ነው። እርሳስ ከገባብሽ አጥንትሽ ውስጥ ይቀመጣል። ስታረግዢ ደግሞ አጥንት ያለውን ለልጁ ይሰጣል፤ ክፉውንም ደጉንም። በጡትም እንደዚያው። እርግዝናሽም፣ ያጠባሽበትም ጊዜ ሥሩ ላይ ሊታይ ይችላል። እና ምናልባት...»

«ከእኔ ነው የገባባት ልትዪኝ ነው?»

«ካንቺ አይደለም። ባንቺ በኩል። ከብዙ መንገድ አንዱ።»

 ከእጅ ማምለጥ እኮ ይቻላል፤ እጅ ያዘ ወይ ለቀቀ ነው። ከጡት ግን ወዴት ይመለጣል? ሚጢጢ ጡት ትወድ ነበር። ሰው ሁሉ አስጥያት ሲላት እሷ በችኮነቷ እምቢ ብላ፣ እየሮጠች እየመጣች እስክትጠባ ድረስ ነበር ያጠባቻት።

ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ሳትሰናበታቸው ወጣች።

*

ቤት ስትደርስ ባሏ ከማቅለጫው መጥቶ በረንዳው ሥር ካለው ቧንቧ እጁን እየታጠበ ነበር። ከጣቶቹ መሐል ግራጫ ውሃ ይወርዳል። ሣጥኗን አምጥታ እፊቱ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺን ለምን ሠራሃት?»

አያት፤ ሣጥኗን እንጂ ሚስቱን አይደለም። «ምን ሆነች?»

«ልጅህን ሁለተኛ ገደለቻት።»

ነገረችው። የንብብሩን ነገር፣ የብርሃኑን ነገር፣ የመታጠቡን ነገር፣ ሁሉንም። ቧንቧውን ሳይዘጋ ሰማት። 

«ሌላ ነገር አልነበረኝም» አለ።

ስለ ልጁ ከዚህ የረዘመ ነገር ተናግሮ አያውቅም።  ለአንድ አፍታ እጇን ትከሻው ላይ ልታደርግ ነበር፤ ከዚያ ዓይኗ ጫማው ላይ ወደቀ፣ ያን የለቅሶ ዕለት ያየው የነበረው ጫማ ባይሆንም ጫማ ነው፣ እጇን መለሰችው።

«ለእናትህ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ከእጄ እንዳልወደቀች። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይቺን ቃል ብቻ።»

ባሏ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከማዶ መዶሻው ባትሪ ሲፈልጥ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ።

«ይሄ ነገር ከወጣ ይዘጋል» አለ። «ወንድሜ... ስንት ሰው ነው ከዚያ በልቶ የሚያድረው።»

«እኔ ስለ ማቅለጫው አላወራሁም። ስለ እጄ ነው ያወራሁህ!»

«ያው ነው» አለ።

 ይሄን ሁሉ ዓመት ፈሪ ነው፣ ልፍስፍስ ነው፣ እናቱን አያልፍም ስትል ኖራለች። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። እጇ አይደለም ማለት፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚለውን ማስከተሉ ነው። እሱ ያንን ገና ያኔ፣ ከለቀስተኛው መሐል፣ ጫማውን እያየ ያውቅ ነበር። እጇን ከፍሎ ማቅለጫውን አተረፈ።

ቧንቧውን እሷ ዘጋችው።

*

በማግስቱ ጠዋት የጥርስ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተጋድማለች። ሐኪሙ ጨዋታ አዋቂ ወጣት ነው፤ በትንሿ መስታወት አፏን እያገላበጠ ያዜማል።

«እናቴ፣ መልካም ዜና አለኝ። ይሄ ይተርፋል። አጽድቼ እሞላዋለሁ፣ ገና ብዙ ያገለግልዎታል።»

«ንቀለው።»

«አልሰሙኝም መሰለኝ፤ አይነቀልም ነው ያልኩት።»

«ሰምቼሃለሁ፤ ንቀለው። ሥሩን እንዳትሰብርብኝ ደግሞ።»

«ሥሩን?» ሳቀ። «ሌላው ሰው እባክህ አታሳመኝ ነው የሚለኝ፤ እርስዎ ለጥርሱ ያዝናሉ!»

«ሥራህን ሥራ፣ ልጄ። ፍራሽ ሲያዝዙኝ እኔ ወሬ አልጠይቅም።»

ማደንዘዣውን ወጋት። ግማሽ ፊቷ የሌላ ሰው ሆነ። ጉጠቱ ሲይዘው አልተሰማትም፤ ሲወዘወዝ ግን መንጋጋዋ ውስጥ ድምፁ ተሰማት፣ በር የሚነቀል ይመስል። ጣሪያውን እያየች ስለ ሚጢጢ አሰበች፤ ደረቷ ላይ ተለጥፋ፣ አንዱን ጡት እየጠባች፣ ሌላውን ማንም እንዳይወስድባት በትንሽ እጇ ጨብጣ። እሷ በፍቅር ያጠባቻት ምን ነበር? ከጉጠቱ ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሳት። ሐኪሙ አመማት ብሎ ሌላ መርፌ ሊጨምር ሲል በእጇ ከለከለችው።

ወጣ። ባለ ሁለት ሥር፣ ሙሉ፣ ደም የለበሰ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አሳያትና ወደ ቢጫው ባልዲ ሊጥለው እጁን ዘረጋ። እጅጌውን ያዘችው።

«ዬ... ዬኔ!» አለች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ ብሎ።

«አይቻልም እናቴ፣ ደንብ ነው። ከአፍ የወጣ ሁሉ ይቃጠላል።»

እጅጌውን አልለቀቀችም። ከወንበሩም አልወረደችም። ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው ያስላል፣ በር ያንኳኳል። ሐኪሙ ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ አንዲት አስታማሚ ጠርቶ ቢያስመክራት፣ እሷ እቴ! በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ጥርሷን በውሃ አለቃለቀና በንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ ከተተላት።

«ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አላት። «ይሄን የደም ማቆሚያ ጎዝ አጥብቀው ይንከሱ። እንዳያወጡት፣ እንዳይናገሩ፤ ደሙ ይከፈታል። ገብቶዎታል? እንዳይናገሩ።»

ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው። ብልቃጡ መስታወት መሆኑን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ አረጋገጠች።

ላቦራቶሪው ስትደርስ መነጽር ብልቃጡን ተቀበለቻት። ወረቀቱን አቀረበችላት፤ በፈቃዴ ሰጥቻለሁ የሚል ነው፤ ሴትየዋ ስሟን፣ ያንን ተምራ የወጣችውን ስም፣ ጻፈችበት። ከዚያ በጣቷ ወደ ራሷ ደረት፣ ቀጥሎም ወደ መሬት፣ ሕፃን ከምትደርስበት ከፍታ ላይ፣ አመለከተች። ሚጢጢስ?

«እሷ አትገባም» አለች መነጽር። «አንቺም በቁጥር ነው የምትገቢው። ስም አይጻፍም። ላያልፍም ይችላል፣ አክስቴ፤ አሁንም ላያልፍ ይችላል። ቢያልፍም ተራችን እስኪደርስ፣ ተለክቶ እስኪታወቅ... ነግሬሻለሁ።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። መነጽር ከመሳቢያዋ ሌላ ብልቃጥ አወጣች። የሚጢጢ ጥርስ ነበረች፤ መስታወቱ ውስጥ የሩዝ ፍሬ አክላለች።

«ከአሁን በኋላ እዚህ ውስጥ» አለቻት። «አትጠቢያትም።»

*

ግቢው ስትገባ አማቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከሁለት ጎረቤት ሴቶች ጋር ያወራሉ፤ ማለትም እሳቸው ያወራሉ፣ ሰፈሩ ይሰማል። ባሏ ለምሳ ከማቅለጫው ወጥቶ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጉንጯ አብጧል፣ የአገጯ ዳር ላይ ደም ደርቋል።

«ኸረ በፈጣሪ!» ብለው ጮኹ አሮጊቷ። «ፊቷን እዩላት! አንቺ፣ ምን ሆንሽ? ከየት ወደቅሽ?»

ጎረቤቶቹ ዞሩ። ልክ እንደዚያን ዕለት፣ ሁሉም ዞሮ አያት። እሷም ልክ እንደዚያን ዕለት ዞራ ባሏን አየችው። አፏ በጎዝ ተወትፏል፤ መናገር አትችልም። መናገር የሚችለው እሱ ነው። እፊቱ ሄዳ ቆመች፤ አልተቀመጠችም፣ አልገባችም። ቆመች።

ባሏ ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«እማዬ...» አለ።

«አቤት? ጮክ በል!»

«ጥርሷን... ተነቅላ ነው።»

«እ?»

«ጥርስ!»

«እህ፣ ጥርስ!» አሉ አሮጊቷ፤ ተረጋግተው። «እኔ ደግሞ ወደቀች ብዬ።»

ሴትየዋ ቀሪውን ጠበቀች። ጠበቀች። ከአጥሩ ማዶ መዶሻው ይመታል። የባሏ ዓይን ከፊቷ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ እጇ፣ እጇ ውስጥ ካለው ብልቃጥ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ጫማው ሲወርድ ደረጃ በደረጃ አየችው። ጫማው ላይ ሲደርስ ቆመ። የጠበቀችው ቃል እንደማይመጣ ያኔ አወቀች። ዛሬም፣ ነገም፣ ብርሃኑ ጥርሷን አንብቦ ቢመሰክርላትም አይመጣም።

ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ጎዙን አወጣችው።

«ሚጢጢ ከእጄ አልወደቀችም፣ እማማ» አለች። ማደንዘዣው አፏን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፤ ደሙ ወዲያው መጣ። «እርሳስ ነው የገደላት። ከዚያ ከማዶው። በልጅዎ ልብስ መጣ፣ እኔ ባጠብኩበት ሳፋ መጣ፣ በጡቴም ሳይገባ አልቀረም። ከእጄ ግን አልወደቀችም።»

ጎረቤቶቹ የሚገቡበት ጠፋቸው። አንዷ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ባሏ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን አለች?» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው አንዱን ሲያዩ ሌላውን ሲያዩ። «ስለ ሚጢጢ ነው? ምን አለች? ንገሩኛ!»

የሚነግራቸው ጠፋ። ሴትየዋ ተራመደች፤ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሯቸው ላይ አደረገች። ደሙ የአሮጊቷ ትከሻ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ያለችውን ሁሉ ከመጀመሪያ ደገመችው፣ ቃል ሳታጎድል፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚፈልጠው መዶሻ እስኪቆም ድረስ።

ሲያልቅ ጎዙን መልሳ ነከሰች፤ ወንበር ስባ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች።